በሩ አጠገብ ያለው ወንበር

ካሊና ሰው ጠይቃ አታውቅም። ታያለች። ያየችውን በሆዷ ትይዛለች። አንዴ ከያዘችው በኋላ ደግሞ ከዚያ የሚያወጣላት የለም።

ጠባዩ ከእናቷ የመጣ ነው። ወይዘሮ ገኖቬፋ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ሎድዝ ከተማ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በሽመና መኪና ፊት ቆመው ነው። የመኪናው ጩኸት ጆሯቸውን ቀስ በቀስ በልቶ በልቶ፣ ካሊና ገና ማንበብ በቅጡ ሳትለምድ መስማት አቆሙ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናትና ልጅ ሲኒማ ይገባሉ። እናትየው አይሰሙም፤ ስለዚህ ያያሉ። ልጅቱም እጃቸውን ይዛ አብራ ታያለች። ማን ቆመ፣ ማን ተቀመጠ፣ ማን ለማን ኮፍያውን አወለቀ፣ ማን በየትኛው በር ገባ። ወደ ቤት ሲመለሱ ወይዘሮ ገኖቬፋ ታሪኩን ከራሱ እስከ ጅራቱ ይተርኩታል። አንዳንዴ ከፊልሙ ጋር ይገጥማል፤ አንዳንዴ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ታሪክ ይሆናል። የሆነው ሆኖ ያምር ነበር።

አድጋ መምህርት ስትሆን ካሊና ያንኑ ዓይን ይዛ ክፍል ገባች። በከተማው ካሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎች ፊልም እያዩ የሚወያዩበት ክፍለ ጊዜ ነበራት። ቴሌቪዥኑን በባለጎማ ጠረጴዛ እየገፋች ታስገባለች፤ መጋረጃውን ትዘጋለች፤ ካሴቱን ትከታለች። ፊልሙ ጥቂት ከሄደ በኋላ ምስሉን ታቆመዋለች። የቆመው ምስል ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ያኔ፣ ሰው የማትጠይቀው ካሊና፣ ፊልሙን ስትጠይቅ ለጉድ ነው። ማን ተቀምጧል? ማን ቆሟል? ዳቦው ለማን ይቀርባል? በር አጠገብ ያለው ማን ነው? ካሜራው የማን ወገን ነው? ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ይስቁባት ነበር። በኋላ ግን እነሱም በየቤታቸው አባታቸው የት እንደሚቀመጥና እናታቸው ስንቴ እንደምትነሣ መቁጠር ጀምረው፣ ከወላጆች ስሞታ መጣ።

ክፍሉን የምታስተምረው ብቻዋን አልነበረም። የታሪክ መምህሩ ሌሼክ ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና፣ እሷ ምስሉን ስትይዝ እሱ ዘመኑን ይይዛል። ፊልሙ የተሠራው መቼ ነው ይላል፤ ያኔ ማን ይገዛ ነበር፤ ማን እንዲጠላ፣ ማን እንዲወደድ ተፈልጎ ነበር። እሷ ተማሪዎቹን ጠረጴዛው ላይ ያለውን እንዲያዩ ስታስተምር፣ እሱ ጠረጴዛውን ያሰናዳው እጅ የማን እንደሆነ እንዲጠረጥሩ ያስተምራል። ሁለቱ ሲገናኙ ክፍሉ ይሞቃል።

ፍቅሩ በዚህ መካከል ገባ። በየት በኩል እንደገባ ካሊና አታውቀውም። የምታውቀው ይህን ብቻ ነው፦ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ተማሪው ሁሉ ዓይኑን ወደ ፊት ሲተክል፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ይተያዩ ነበር። የቴሌቪዥኑ ብርሃን ፊቱ ላይ ሲያልፍ ታየዋለች። ማየቷን እሱ ያያል። ከዚያ ወዲያ ዓርብ እስኪመጣ ሳምንቱ አያልቅም።

ሌሼክ የዳኛ ልጅ ነው። ቤታቸው የድሮ ባለፋብሪካዎች በሠሩት ሠፈር፣ ከፍ ባለ ጣሪያ ሥር፣ መጻሕፍት ግድግዳውን ሞልተው፣ ወለሉ ሲረገጥ እንኳ በጨዋነት የሚጮህ ቤት ነው። ካሊና ያደገችው በሠራተኞቹ ቀይ የጡብ ቤት፣ ውኃ ከግቢ እየተቀዳ፣ የጎረቤት ሳል በግድግዳው በኩል እየተሰማ ነው። ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ ቆይተዋል፤ በሁለቱ ሠፈሮች መካከል ያለው መንገድ ግን እንዳለ አለ። ካሊና ያንን መንገድ ስትሻገር ሁልጊዜ ጫማዋን ዝቅ ብላ ታያለች።

በልደት ዋዜማ ሌሼክ ወደ ቤቱ ወሰዳት። የመጀመሪያው ኮከብ ታይቶ፣ የጾሙ ማዕድ ቀርቦ፣ የቀይ ሥር ሾርባው እየጨሰ ነበር። ስሱን የበዓል ኅብስት እርስ በርስ ቆርሰው ተሰጣጡ፤ መልካም ተመኛኙ። የሌሼክ እናት ወይዘሮ ቫንዳ ንግግር የማያበዙ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ጥቁር ያላወለቁ ሴት ናቸው። ለካሊና ሲመኙላት ከንፈራቸው ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

በዚያች ማታ በየቤቱ ከቤተሰቡ ቁጥር በላይ አንድ ሳህን ይቀመጣል። መንገደኛ ቢያንኳኳ ቦታ የለም እንዳይባል ነው። እመቤታችንን በዚያች ሌሊት ቦታ የለም ብለው ከደጅ የመለሷት ሰዎች ይታሰባሉ። የሌሼክ አክስትና ባላቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ ሌሼክ በእናቱ ቀኝ ተቀመጠ። ካሊና ቆማ ስትጠብቅ፣ ወይዘሮ ቫንዳ ክንዷን ይዘው በጠረጴዛው ዳር፣ በሩ አጠገብ፣ የመንገደኛው ሳህን ወዳለበት ወንበር ወሰዷትና አስቀመጧት።

አክስትየዋ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩዋት። ባላቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌሼክ አንገቱን ደፋ። ማንም ምንም አላለም።

ካሊና ያንን ዝምታ አነበበችው። ስንት ፊልም አንብባ ይህን ታጣዋለች? ቤተሰብ ወዲያ፣ መንገደኛ ወዲህ። ምጽዋት ለሚለምን ሰው የተዘረጋ ሳህን ለእሷ ቀረበ። ጀርባዋ ጋለ፤ ከወገቧ እስከ ማጅራቷ እሳት የተለቀቀባት መሰላት። ለካ ውርደት እንዲህ ያቃጥላል አለች በልቧ። ሾርባውን እንደምንም ጨርሳ፣ እናቴን ትንሽ አሟት ነበር ብላ ተነሣች። ወይዘሮ ቫንዳ ግማሽ ተነሥተው የሆነ ነገር ሊሉ ሲሉ እሷ ካፖርቷን ለብሳለች።

ሌሼክ ደረጃው ላይ ደረሰባትና ምን ሆንሽ አላት። ምንም አለችው። ምንም የሚለው ቃል በሚዋደዱ ሰዎች መካከል ከስድብ ይከፋል፤ ስድብ ቢያንስ መልስ አለው።

ከዚያ ወዲህ ካሊና በኮሪደሩ ስታልፈው ደብተር ታነባለች። ዓርብ ዓርብ ክፍል ውስጥ ለምስሉ ብቻ ትናገራለች። እሱም መጀመሪያ ሊያናግራት ሞከረ፤ ቆየት ብሎ ተወ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ የእሱም ፊት እንደ እናቱ ፊት ቀጥ አለ። ከበዓል በኋላ፣ ሌሼክ ግዳንስክ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ወዳለ ትምህርት ቤት መዛወር ጠይቆ እንደተፈቀደለት፣ ሁለተኛው መንፈቅ ሲጀምር እዚያ እንደሚሆን፣ ካሊና ከመምህራን ክፍል ወሬ ሰማች። ሰምታ ሻይዋን ጠጣች። ሻዩ ምን ምን እንደሚል አልታወቃትም።

ወይዘሮ ገኖቬፋ ልጃቸው ቤት ውስጥ ስትመላለስ ጥቂት ቀን አዩና፣ አንድ ምሽት ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ።

“ጠየቅሽው?” አሉ፣ የደንቆሮ ሰው ድምፅ በሆነው ጎላ ያለ ድምፃቸው።

ካሊና ከንፈሯ እንዲነበብ ቀስ አድርጋ፣ “አይቻለሁ፣ እማዬ” አለች።

“እኔ የማየው መስማት ስላቃተኝ ነው። አንቺ ጆሮ እያለሽ ምን ሆነሽ ነው?”

እናቷ ፊቷን ለቀቁላት፤ የእጃቸው ሙቀት ግን እስክትተኛ ጉንጯ ላይ ቆየ።

የመጨረሻው ዓርብ መጣ። ሰኞ ሌሼክ ይሄዳል። የዓመቱ መርሐ ግብር ከመስከረም ጀምሮ የተያዘ ነውና፣ በዚያ ቀን የሚታየውን ፊልም የመረጡት በደኅና ቀን ነበር። ጥቁርና ነጭ፣ የድሮ ነው። የባለፋብሪካው ልጅ አንዲት ሸማኔ ይወድና ወደ ቤቱ ለእራት ይወስዳታል። ካሊና ሌላ ካሴት ልታመጣ አስባ ነበር። ሌላ ብታመጣ ግን ለምን እንደቀየረችው እሱ ያውቃል። ስለዚህ ያንኑ አመጣች።

እራቱ ላይ ሲደርስ ምስሉን አቆመችው። ማን የት ተቀምጧል አለች፣ እንደ ወትሮው። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

ሮክሳና የክፍሉ ምላስ ናት። እጇን ሳታወጣ ጀመረች። ባለፋብሪካው ከላይ ነው አለች፤ ካሜራው ከጉልበቱ ሥር ተጎንብሶ ስለሚያየው ግንብ አህሏል። ሚስቱ በቀኙ፣ ልጁ በግራው።

“ልጅቱስ?” አለች ካሊና።

“ልጅቱማ በሩ ላይ ናት። ተጋባዥ ትሁን አሳላፊ አይለይም። እኔ ብሆን መምህርት፣ ሾርባውን አናቱ ላይ ደፍቼበት ነበር የምወጣው።”

ክፍሉ ሳቀ። ከወዲያ በኩል አንዱ፣ ሮክሳናን የሚያገባ ሰው በሠርጉ ቀን ዣንጥላ ይዞ ይቀመጣል አለ። ሮክሳናም አንተን ማን ጠራህ ብላ መለሰችለት። ሳቁ እስኪበርድ ሌሼክ ከኋላ ጠበቀና፣ የመጨረሻ ትምህርቱን ቀስ ብሎ ጀመረ። ፊልሙ የተሠራው መንግሥት ባለፋብሪካን ሁሉ ተኩላ አድርጎ ማሳየት በሚፈልግበት ዘመን እንደሆነ አስታወሳቸው። ባለፋብሪካዎቹ ክፉ አልነበሩም ማለቱ አይደለም፤ አያቶቻችሁን ጠይቁ አለ። ግን ያቺን ልጅ በር ላይ ያስቀመጣት በእርግጥ ባለፋብሪካው ነው? ወይስ በር ላይ ሆና እንድናያት የፈለገ ሌላ ሰው አለ? ምስል ያየነውን ብቻ ሳይሆን ያሳየንንም ሰው ሐሳብ ይዟል አለ። “እውነተኛ ቤት ቢሆን ኖሮ፣ ልጅቱ ለምን እዚህ አስቀመጣችሁኝ ብላ መጠየቅ ትችል ነበር።”

“አትጠይቅም” አለች ካሊና።

ከበዓሉ ወዲህ በቀጥታ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። ተማሪዎቹ ዞር ብለው አዩዋት።

“እንዲህ ያለ ቦታ የተቀመጠ ሰው አይጠይቅም” ብላ ቀጠለች፣ ዓይኗን ከሚንቀጠቀጠው ምስል ሳትነቅል። “ወንበሩ ራሱ መልስ ነው። እዚያ ላይ ሆነሽ ሁሉንም ታያለሽ፤ ማንኪያው ሲቀመጥ፣ ጉሮሮ ሲጠረግ። የምትወጂው ሰው አንገቱን ሲደፋ።”

ፊልሙ ውስጥ አንገቱን የደፋ ሰው አልነበረም። የባለፋብሪካው ልጅ እየሳቀ ነበር።

“እንዴ መምህርት፣” አለች ሮክሳና፣ እንደ ልማዷ ለቀልድ፣ “ተቀምጠውበት ያውቃሉ እንዴ?”

ካሊና ሳታስበው አፏ ቀደማት።

“አውቃለሁ። በልደት ዋዜማ።”

አንድም ተማሪ አልሳቀም። የማጫወቻው ጩኸት ብቻ ቀረ። ከኋላ ወንበር ሲጥጥ አለ፤ ሌሼክ ብድግ ብሎ ቆሞ ነበር። የቴሌቪዥኑ ግራጫ ብርሃን ፊቱ ላይ አርፎ፣ አንዳች ነገር በልቡ ውስጥ ሲናድ በግልጽ ይታያል። ካሊና ግን ያን ጊዜ አላየችውም። ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ነበር።

ደወሉ ሲደወል ተማሪዎቹ ያለ ወትሯቸው ቀስ ብለው ወጡ። ሮክሳና በር ላይ ደርሳ ተመለሰች፤ ምን እንዳጠፋች ባታውቅም ይቅርታ መምህርት አለችና፣ የካሊናን ትከሻ ነካ አድርጋ ሄደች። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

“የስቴፋን ወንበር ነው” አለ ሌሼክ።

ስቴፋን ታላቅ ወንድሙ ነበር። በአንድ ክረምት ወደ ታትራ ተራሮች ወጥቶ አልተመለሰም። በረዶ ዋጠው፤ አስከሬኑም አልተገኘ። ካሊና ይህን ታውቃለች፤ በቤታቸው መግቢያ ላይ ፎቶግራፉን አይታ፣ የሳቁ ነገር ሌሼክን ይመስላል ብላ ነበር።

ሌሼክ ቁጭ ብሎ፣ ወለሉን እያየ፣ ያልተነገራትን ነገራት። በሰው ቤት የዋዜማው ሳህን ለመንገደኛ ነው። በእናቱ ቤት ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ ለስቴፋን ነው። ስቴፋን ሁልጊዜ አርፍዶ የሚመጣ፣ ቀድሞ የሚወጣ ልጅ ስለነበረ ቦታው በሩ አጠገብ ነበር። መቃብር የሌለው ልጅ ነውና እናቱ ሞቷል ብላ አታውቅም፤ ሳህኑን ታስቀምጥና በሩን ታያለች። እንግዳ ድንገት ቢመጣ እንኳ ከማዕድ ቤት ሌላ ወንበር ይመጣለታል እንጂ እዚያ አይቀመጥም። ሌሼክ ራሱ ተቀምጦበት አያውቅም። በዚያን ቀን ጠዋት ግን እናቱ ዘንድሮ ልጅቱን እዚያ አስቀምጣታለሁ አለችው። የሙት ወንበር ብላ እንዳትፈራ አትንገራት፤ ከማዕድ በኋላ እኔው እነግራታለሁ ብላ አስማለችው።

“ለዚህ ነው አንገቴን የደፋሁት” አለ። “ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።”

ካሊና ተማሪዎች በሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

“በሩ አጠገብ ነበር እኮ” አለች፤ ሌላ የምትለው አጥታ።

“በሩ አጠገብ ምድጃው ነው ያለው፣ ካሊና። ነጩ የሸክላ ምድጃ። ከወንበሩ ጀርባ። ከብርድ የሚገባ ሰው እንዲሞቀው ብላ ነው ቀኑን ሙሉ ያነደደችው። ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው ቦታ እሱ ነው። ጀርባሽ አልሞቀሽም?”

ሞቋት ነበር። ከወገቧ እስከ ማጅራቷ። ያን ሙቀት ውርደት ነው ብላ ስም ሰጥታ፣ ይዛው ወጥታ፣ እስከዛሬ ድረስ ስትቃጠልበት ከርማለች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነት ነው። ማንኪያውን አየች፣ በሩን አየች፣ የአክስትየዋን ፊት አየች፤ ሙቀት ግን በምስል አይታይም። በልጇ ወንበር ያስቀመጠቻትን እናት፣ ካሊና ተማሪዎቿን እንዳስተማረችው አድርጋ፣ በሲኒማ ሸራ ላይ እንደምትታይ የባለፋብሪካ ሚስት አነበበቻት።

“እኔ ደግሞ፣” አለ ሌሼክ፣ “አክስቴ በጆሮሽ የነገረችሽ መስሎኝ ነበር። የሞተ ሰው ቦታ አልሞላም ብለሽ፣ እኛንም ሐዘናችንንም ጥለሽ የሄድሽ መስሎኝ። አንዴ ጠየቅኩሽ፣ ምንም አልሽ፤ እኔም ኮራሁ። እናቴ ያን ቀን አንቺ በወጣሽበት በር ላይ ዓይኗን ተክላ ቆየችና፣ ሳህኑን አንሥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከእንግዲህ የምጠብቀው ሰው የለም አለች።”

ካሊና ዓይኗን ጨፈነች። ለማልቀስ አልነበረም። ፊቱን እንዳታይ፣ ፊቱን አይታ ደግሞ እንዳታነብ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሆና፣ በሕይወቷ ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

“ሌሼክ፣ ትወደኛለህ?”

ካሊና ዓይኗን አልገለጠችም። ምንም ምልክት ሳይኖር መልስ መጠበቅ እንዲህ የሚያስፈራ መሆኑን ያን ቀን አወቀችው።

“ሰኞ ልሄድ ዛሬ ትጠይቂኛለሽ” አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ። “አሁን ብመልስልሽ ከፍቅር ይሁን ከንዴት እኔም አላውቀው። እኔን ተይኝ። መጀመሪያ እናቴን ጠይቂያት። ልጅ በዚያ በር ሁለቴ የወጣባት እሷ ናት።”

ካፖርቱን ሲያነሣ ሰማችው። እርምጃው በአጠገቧ ሲያልፍ አፍታ ያህል ቆመ፤ ከዚያ በሩ ተከፈተና ተዘጋ። ዓይኗን ስትገልጥ ያ ምስል አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስታጠፋው ክፍሉ ውስጥ የቀረው እሱ አለመኖሩ ብቻ ነበር።

ሰኞ ሄደ። ካሊና ጣቢያ አልወጣችም፤ ምን መብት አላት? ሳምንቱን እንደ ሰው ዋለች፣ እንደ ሰው አደረች። ያለ እሱ የመጀመሪያው ዓርብ ሲመጣ ፊልም ሳታሳይ ተማሪዎቿን ስታስነብብ ዋለች። እሑድ ከእናቷ ጋር ቅዳሴ ገባች። ድሮ ስትጸልይ የሚደረገውን ሁሉ አውቃ እንደጨረሰች ሰው አመስግና ብቻ ትወጣ ነበር፤ ያን ቀን ጸሎቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ጥያቄ ነበር። ከዚያ እናቷን ቤት አድርሳ፣ በረዶው ላይ ያንን መንገድ ተሻገረች። ጫማዋን ዝቅ ብላ አላየችም።

በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ቫንዳ ራሳቸው ናቸው።

“ሌሼክ የለም” አሉ። “ሄዷል።”

“አውቃለሁ። የመጣሁት እርስዎን ልጠይቅ ነው።”

“ምን ልትጠይቂኝ?”

“ይቅር ይሉኛል ወይ ብዬ።”

ወይዘሮ ቫንዳ አላስገቧትም፤ በሩንም አልዘጉባትም። ቀጥ ያለው ጀርባቸው በሩን ተደግፎ ጥቂት ቆየ።

“ሾርባው ጨው በዝቶበት ነው ብዬ ነበር” አሉ።

ካሊና ቀና ብላ አየቻቸው።

“ስንት ቀን አሰብኩት መሰለሽ? ጨው ይሆን? የእህቴ አፍ ይሆን? ወይስ እንዲያው እኔን ፊቴን አይታ ፈርታ ይሆን? ፊቴ እንዲህ ነው። ሰው መውደዴን አይናገርልኝም። ከልጄ ሞት በፊት እንዲህ አልነበረም።”

ከልጄ ሞት በፊት አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ እሳቸውም ሰሙት፤ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ካሊና ያን ጊዜ ገባች፤ ሳትጋበዝ ገብታ አቀፈቻቸው። ያ ጀርባ በክንዶቿ ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያለ ሲጎብጥ ተሰማት።

በኋላ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ካሊና መጠየቅ ጀመረች። አንዴ ከጀመረች ማቆም አልቻለችም። ስቴፋን ሲስቅ ድምፁ ከፍ ይል ነበር ወይ? ምን መብላት ይጠላ ነበር? ከሌሼክ ጋር ይደባደቡ ነበር? ተራራውን መውደድ የጀመረው ከማን አይቶ ነው? ወይዘሮ ቫንዳ መጀመሪያ በአንድ ቃል መለሱ፤ ከዚያ በሁለት ቃል፤ ከዚያ እሳቸውም ማቆም አልቻሉም። የባቄላ ነገር አይሆንለትም ነበር፤ ሲስቅ ጎረቤት ግድግዳ ይመታ ነበር፤ ሌሼክን አንድ ጊዜ ዛፍ ላይ ሰቅሎት መሰላሉን ይዞበት ሄደ። ይህን ሲሉ ሳቁ።

“ሰው ሁሉ አዝኖልኛል” አሉ ቆይተው። “ስለ እሱ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እንዳይጎዱኝ ብለው ነው። አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።”

ካሊና እጃቸውን ያዘች። የሁለቱም ልብ በዚያች ሰዓት በሄደ ሰው ዘንድ ነበር፤ የአንዷ ተራራ ላይ፣ የአንዷ ባሕሩ ዳርቻ።

ስልኩ ጮኸ። ወይዘሮ ቫንዳ አልተነሡም።

“እሱ ነው” አሉ። “ሂጂ፣ አንቺ አንሺው።”

ካሊና መቀበያውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ከሩቅ፣ በጩኸትና በነፋስ መካከል፣ ድምፁ መጣ።

“እማዬ? ባሕሩን አየሁት። እንዳልሽው ግራጫ ነው። ብርዱ አይጣል ነው፤ ግን ዛሬ ሙሉ ቀን ዳሩን ስዞር ዋልኩ። እማዬ?”

“እኔ ነኝ” አለች ካሊና።

ነፋሱ ብቻ ተሰማ። የምታነበው ፊት አልነበራትም፤ አንገት አልነበረም፣ እጅ አልነበረም። ትንፋሹ ብቻ ነበር፤ እሱም ይሄዳል፣ ይመጣል።

“እናቴ ቤት ነሽ?”

“አዎ።”

“ጠየቅሻት?”

“ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ስለ ስቴፋን ነገሩኝ። መሰላሉን ይዞብህ እንደሄደ ሳይቀር።”

እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ካሊና አልለየችም፤ ልለይ ብላም አልደከመች። ጠበቀችው።

“እንግዲያው ዓርብ ለጠየቅሽኝ፣” አለ፣ “መልሱ አዎ ነው። ያን ቀንም አዎ ነበር። ደረጃው ላይም አዎ ነበር። እወድሻለሁ ካሊና። ነገር ግን ይኸው እኔ እዚህ ነኝ፤ የትምህርት ዓመቱ እስኪያልቅ ቃሌን ሰጥቻለሁ።”

መቀበያውን በሁለት እጇ ይዛ ነፋሱን አዳመጠች። ከነፋሱ ሥር ሌላ ድምፅ ነበር፤ ከባድ፣ እየራቀ የሚመለስ፣ ድንጋይ ላይ የሚወድቅ። ባሕሩ መሆን አለበት አለች በልቧ። ካሊና ባሕር አይታ አታውቅም። አንድም ቀን ያላየችው ነገር እንዲህ ሊናፍቃት እንደሚችል ግን ያን ቀን አወቀች።